ከድስት እስከ ድልድይ፦ የኮልብሩክዴል ብረትና “ማን አለ?” የሚለው ጥያቄ

ይህ ጽሑፍ የመጣው ከአንድ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ለፊቸር አጻጻፍ ኮርስ “አንድ ቦታና አንድ ዕቃ መርጣችሁ ታሪካቸውን አብራሩ” የሚል አሳይንመንት ተሰጥቶን ነበር። እኔ ዕቃውን ከማድ ቤት፣ ቦታውን ከባሕር ማዶ መረጥኩ። ዕቃው የብረት ድስት፣ ቦታው ደግሞ ኮልብሩክዴል የምትባል የእንግሊዝ መንደር። ረቂቄን የጀመርኩት እንዲህ ብዬ ነበር፦ “የኢንዱስትሪ አብዮት በ1709 ኮልብሩክዴል በምትባል ትንሽ መንደር፣ አብርሃም ዳርቢ በተባለ አንድ ሰው እጅ ተጀመረ።” እውነቱን ለመናገር ዓረፍተ ነገሩን ወድጄው ነበር። ዓመት አለው፣ ቦታ አለው፣ ሰው አለው። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ግን ከሥሩ ሁለት ቃል ብቻ በቀይ ጽፈውበት አገኘሁ፦ “ማን አለ?”

መጀመሪያ ተናደድኩ። መጽሐፍ ሁሉ የሚለው ይህንኑ አይደል እንዴ? በኋላ ግን “መጽሐፉስ ከማን ሰማ?” እያልኩ ወደ ኋላ መሄድ ስጀምር፣ ታሪኩ ከጠበቅኩት በላይ ጣፋጭም ውስብስብም ሆኖ አገኘሁት። እስቲ አብረን እንየው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ልብ ይባልልኝ።)

መንደሯ የት ናት?

ኮልብሩክዴል የምትገኘው በምዕራብ እንግሊዝ፣ ሽሮፕሽር በሚባለው አውራጃ ነው። በኮረብታዎች መካከል የምትወርድ ጠባብ ሸለቆ ናት፤ ቁልቁል ሄዳ ሰቨርን ከሚባለው ትልቅ ወንዝ ጋር ትገናኛለች። ስሟን የሰማ ሰው፣ “ኮል” በእንግሊዝኛ የድንጋይ ከሰል ስለሆነ፣ መንደሯ ስሟን ከከሰሉ ያገኘች ይመስለዋል። እኔም መስሎኝ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ሰነዶች ላይ ግን ስሟ የተጻፈው “ቀዝቃዛ ጅረት” በሚል ትርጉም ነው። ከሰሉ ዝናዋን ሰጣት እንጂ ስሟን አልሰጣትም። እንግዲህ ገና ከስሟ ጀምሮ “ይመስላል” እና “ነው” የተለያዩ መሆናቸውን ታስተምራለች።

ለብረት ሥራ ግን ቦታው የታደለ ነው። በኮረብታዎቹ ውስጥ የብረት ማዕድን፣ የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ ተቀራርበው ይገኛሉ። ጅረቱ የውኃ መንኮራኩር ያዞራል። በዙሪያው ጫካ አለ። ሰቨርን ደግሞ ጀልባ የሚያስኬድ ወንዝ ስለሆነ የተሠራውን ዕቃ ይዞ እስከ ብሪስቶል ወደብ ድረስ ይወርዳል።

ስለዚህ ዳርቢ ወደዚያ ሲመጣ መንደሯ ብረት አታውቅም ነበር ማለት አይደለም። የሠራበት ምድጃ ከእሱ በፊት የነበረ ነው። ምድጃው ዛሬም ቆሟል፤ በአፉ ላይ የተጋደሙት የብረት አግዳሚዎች ዓመተ ምሕረት ተቀርጾባቸዋል። የላይኛው ላይ “አብርሃም ዳርቢ 1777” ይላል፤ ይህ የልጅ ልጁ ነው። ከታች ካሉት በአንዱ ላይ ያለው ቁጥር ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል፤ 1638 ነው ወይስ 1658? የ20 ዓመት ልዩነት ያመጣው አንድ ቁጥር ነው፣ 3 ይሁን 5። ብረት ላይ የተጻፈ ነገር እንኳ እንዲህ ካከራከረ፣ እኛ በጋዜጣ ወረቀት ላይ የምንጽፈው ምን ያህል ጥንቃቄ ሊፈልግ ነው?

ከሰልና የድንጋይ ከሰል

ነገሩ እንዲገባን ትንሽ ወደ ምድጃው ውስጥ እንግባ። የብረት ማዕድን ማለት በመሠረቱ ብረትና ኦክስጅን የተቆራኙበት ድንጋይ ነው። ብረቱን ለማውጣት ኦክስጅኑን ከእሱ የሚነጥቅ ነገር ያስፈልጋል፤ ያም ካርቦን ነው። ስለዚህ ምድጃ ውስጥ የሚገባው ማገዶ ሁለት ሥራ አለው፤ ሙቀት ይሰጣል፣ ኦክስጅኑን ደግሞ ይወስዳል። ከላይ ማዕድኑ፣ ማገዶውና የኖራ ድንጋዩ እየተፈራረቁ ይጨመራሉ። ከታች በውኃ ኃይል የሚሠራ ትልቅ ወናፍ ይነፋል። ኖራው ቆሻሻውን ይዞ ዝቃጭ ሆኖ ይንሳፈፋል። የቀለጠው ብረት ከሥር ተከፍቶ በአሸዋ ላይ ወደተቆፈረ ቦይ ይፈሳል። ከዋናው ቦይ ግራና ቀኝ ትንንሽ ቦዮች ስለሚወጡ፣ እናት ዓሣማ ተኝታ ግልገሎቿን ስታጠባ ትመስላለች ብለው እንግሊዞች ይህን ጥሬ ብረት “የዓሣማ ብረት” ብለው ጠሩት። ስሙ እስካሁን አለ።

ለብዙ መቶ ዓመታት ማገዶው ከእንጨት የሚከሰል ከሰል ነበር። የእንጨት ከሰል ከሞላ ጎደል ንጹሕ ካርቦን ስለሆነ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። ታዲያ ከመሬት የሚቆፈረው የድንጋይ ከሰል እዚያው ሞልቶ እያለ ለምን አልተጠቀሙበትም? ምክንያቱ ድኝ ነው። የድንጋይ ከሰል ውስጥ ያለው ድኝ ወደ ብረቱ ይገባና ብረቱ በሙቀት ሲቀጠቀጥ ይሰነጣጠቃል፣ ይፈረፈራል። መዶሻ የማይችል ብረት ደግሞ ለቀጥቃጭ ምን ያደርግለታል?

መፍትሔው የድንጋይ ከሰሉን ራሱን ማክሰል ነበር። ከሰል አክሳዮች እንጨቱን ቆልለው፣ በአፈር ሸፍነው፣ አየር ነሥተው ቀስ ብለው እንደሚያቃጥሉት ሁሉ፣ የድንጋይ ከሰሉም ተቆልሎና ተሸፍኖ ሲታጠን ጭሱና ብዙው ድኝ ይወጣለታል፤ የሚቀረው ጠንካራና ቀዳዳ የበዛበት ካርቦን ነው። ይህ ኮክ ይባላል። (ኮክ ስል ፍሬው እንዳይመስላችሁ፤ በስም ብቻ ነው የሚገናኙት።) ኮክ ሌላም ጥቅም አለው። የእንጨት ከሰል ብዙ ማዕድን ሲጫንበት ይደቅቃል፤ ኮክ ግን ክብደት ይችላል። ስለዚህ ውሎ አድሮ ከድሮው የሚበልጡ ትላልቅ ምድጃዎችን መሥራት ተቻለ።

እዚህ ላይ አንድ እርማት ላስገባ። “በዓለም የመጀመሪያው” የሚል ቃል በረቂቄ ውስጥ ነበረኝ፤ ሰርዤዋለሁ። ቻይናውያን በሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ11ኛው ክፍለ ዘመን፣ በድንጋይ ከሰልና በኮክ ብረት ያቀልጡ ነበር። የኮልብሩክዴል ነገር አዲስ የሚሆነው ለአውሮፓ ነው፤ ያውም ተከታይ ስላገኘ።

ከብቅል ወደ ብረት

አብርሃም ዳርቢ በ1678 ደድሊ ከምትባል ከተማ አጠገብ ተወለደ። ቤተሰቡ ኩዌከር ከሚባለው የክርስትና ማኅበር ነበር። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ የኩዌከር ልጅ ኦክስፎርድም ሆነ ካምብሪጅ ገብቶ መመረቅ አይችልም፤ የመንግሥት ሹመትም አያገኝም። ስለዚህ ብዙዎቹ ወደ ንግድና ወደ እጅ ሥራ ገቡ፤ እርስ በርስም ይበዳደሩና ይጋቡ ነበር። ዳርቢም በርሚንግሃም ውስጥ የብቅል ወፍጮ ከሚሠራ ባለሙያ ዘንድ ሥራ ለመማር ገባ።

ብቅሉን ልብ በሉልኝ። ብቅል ሲደርቅ ማገዶው የድንጋይ ከሰል ከሆነ ጭሱና ድኙ ብቅሉ ውስጥ ገብቶ ቢራውን አይጠጣም ያሰኘዋል። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ ብቅል አድራቂዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ኮክ መጠቀም ለምደው ነበር። ኮክን ለብረት ከመሞከሩ ከብዙ ዓመት በፊት ዳርቢ የብቅል ሰዎች መሃል አድጓል ማለት ነው። ትልቅ ግኝት የምንለው አንዳንድ ጊዜ ከአንዱ ሙያ ወደ ሌላው የተሻገረ ልማድ ይሆናል።

ቀጥሎ ወደ ብሪስቶል ሄዶ በናስ ሥራ ተሰማራ። ያን ጊዜ ድስት በብዛት የሚሠራው ከናስ ነበር፤ ናስ ደግሞ ውድ ነው። ዳርቢ ናስ በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ እንደሚፈስ ሁሉ ብረትንም አፍስሶ፣ ሆዱ ክብ የሆነ ርካሽ ድስት ለመሥራት ተነሣ። ሙከራው ብዙ ጊዜ ከሸፈ። መንገዱን ለማግኘት የረዳው ጆን ቶማስ የተባለ ወጣት የዌልስ ሠራተኛ ነው። ሁለቱ ተዘግተው ሲሠሩ ሰው እንዳያያቸው የቁልፉን ቀዳዳ ሳይቀር ደፍነውት ነበር የሚል የቤተሰብ ወግ አለ። ወጉን በወግነቱ ልተወው። የተረጋገጠው ግን ዳርቢ በ1707 በአሸዋ ለሚፈስ የብረት ድስት የባለቤትነት መብት ማግኘቱ ነው። ሰነዱ ላይ ያለው ስም የዳርቢ ነው።

ስለ ብሪስቶል ሳወራ አንድ ነገር ዘልዬ ማለፍ አልፈልግም። ከተማዋ በዚያ ዘመን በባሪያ ንግድ የከበረች ወደብ ነበረች። ከናስ ቤቶቿ የሚወጣው ዕቃም በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሰው ይለወጥበት ነበር። ዳርቢ ለብረት ሥራው ገንዘብ የተበደረውም ቶማስ ጎልድኒ ከተባለ የብሪስቶል ነጋዴ ነው። “በአንድ ሰው እጅ ተጀመረ” የሚለው ዓረፍተ ነገሬ ይህን ሁሉ ደብቆት ነበር።

ዳርቢ በ1708 ኮልብሩክዴል ያለውን ከሥራ ውጪ የነበረ አሮጌ ምድጃ ተከራየና አደሰው። በ1709 ምድጃው በኮክ ብረት ማቅለጥ ጀመረ። ዕድልም ረድቶታል፤ የአካባቢው የድንጋይ ከሰል የድኝ መጠኑ ዝቅተኛ ነው። ሌላ ቦታ ቢሆን ያው ሙከራ ሊከሽፍ ይችል ነበር።

ታዲያ ምስክሩ ማን ነው?

አሁን ወደ ቀዩ እስክሪብቶ ልመለስ። ዳርቢ ስለ ሙከራው መጽሐፍ አልጻፈም። ጋዜጣም አልዘገበውም። በ1717 ገና በ39 ዓመቱ ሲሞት ወንዶች ልጆቹ ሕፃናት ነበሩ። ሙከራውን በትረካ መልክ የሚነግረን ዋናው ጽሑፍ የአባያ ዳርቢ ደብዳቤ ነው። አባያ የዳርቢ ልጅ፣ የዳግማዊ አብርሃም ዳርቢ ሚስት ናት፤ የኩዌከር ሰባኪም ነበረች። በደብዳቤዋ አማቷ መጀመሪያ ጥሬውን የድንጋይ ከሰል ሞክሮ እንዳልተሳካለት፣ ከዚያ ለብቅል ማድረቂያ እንደሚደረገው አክስሎ ሲጠቀምበት እንደተሳካለት ትተርካለች።

ቆንጆ ምስክር ናት አይደል? ግን እንደ ጋዜጠኛ ትንሽ እንጠይቃት። አባያ የተወለደችው በ1716 ነው። በ1709 አልነበረችም፤ አማቷ ሲሞትም ገና ሕፃን ነበረች። ባሏም ቢሆን በ1711 ስለተወለደ ሙከራውን አላየም፤ አባቱን ያጣው በልጅነቱ ነው። ደብዳቤው የተጻፈው ደግሞ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ የምትነግረን በቤተሰብና በሠራተኛ አፍ ሲተላለፍ የኖረውን ነው። በዚያ ላይ የቤቱ ሰው ናት፤ ባለጉዳይ ናት። በእኛ ሙያ ቋንቋ አንድ ምንጭ፣ ያውም ሁለተኛ እጅ።

ውዥንብሩም ከዚህ የመጣ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የታተሙ መጻሕፍት አንዳንዱ 1713፣ አንዳንዱ 1735 ይል ነበር፤ ሥራውን ለአባቱ ሳይሆን ለልጁ የሰጡም አሉ። ከዳርቢ በፊት ደግሞ ደድ ደድሊ የተባለ ሌላ ብረት ሠሪ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ “በድንጋይ ከሰል ብረት የሠራሁት እኔ ነኝ” ብሎ ነበር። እሱም ስለ ራሱ የሚናገር ምስክር ነው።

1709ን ያጸናው ብዙም ትኩረት የማይስብ ሰነድ ነው፤ የሂሳብ መዝገብ። የኮልብሩክዴል ሥራ የመጀመሪያ ዓመታት መዝገብ ተርፏል። በዚያ ውስጥ በ1709 የድንጋይ ከሰል ለማክሰል የተከፈለ ገንዘብ ተመዝግቧል። መዝገቡን የያዘው ሰው ታሪክ እጽፋለሁ ብሎ አላሰበም፤ ማን ስንት እንደተከፈለው ብቻ ነው የጻፈው። ማንንም ለማሞገስ ስላልተጻፈ ነው ይበልጥ የሚታመነው። የታሪክ ሊቁ ቶማስ አሽተን በ1924 ስለ ብረትና ስለ ኢንዱስትሪ አብዮት ባሳተመው መጽሐፍ ይህን የዘመን ጥያቄ ከመረመረው ወዲህ 1709 ጸንቶ ቆሟል። የአባያ ትረካና የሂሳብ ጸሐፊው ቁጥር ሲገናኙ ነው “ማን አለ?” ለሚለው መልስ የተገኘው። አንዱ ብቻውን አይበቃም ነበር። መዝገቡ “እንዴትና ለምን” አይለንም፤ ደብዳቤው ደግሞ “መቼ” ላይ አያስተማምንም።

አብዮት ከሆነ ለምን 40 ዓመት ጠበቀ?

ሁለተኛው ችግሬ “አብዮት” የሚለው ቃል ነበር። ከ1709 በኋላ ሁሉም ብረት ሠሪ ወደ ኮክ ሮጦ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ያስኬደኝ ነበር። ግን አልሮጡም። ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አብዛኛው የእንግሊዝ ብረት ሠሪ በእንጨት ከሰሉ ቀጠለ። ሞኝ ስለሆኑ ነው? አይደለም።

የኮክ ምድጃ የሚያወጣው ብረት ውስጥ ሲሊከን ይበዛል። ሲሊከን የበዛበት ብረት ሲቀልጥ እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ስስ ቅርጽ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ይሞላል። ለድስት ከዚህ የተሻለ የለም። የገበያው ትልቁ ክፍል ግን ድስት አልነበረም። ሚስማር፣ የፈረስ ጫማ፣ ማረሻ፣ ቁልፍ የሚሠራው ከሚቀጠቀጥ ብረት ነው። ለቀጥቃጩ ያ ሲሊከን ጠላቱ ነው፤ ለማጣራት ተጨማሪ ማገዶና ድካም ይጠይቃል። ቻርልስ ሃይድ የተባለ የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊ በ1977 ባሳተመው ጥናት እስከ 18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ በኮክ መሥራት በዋጋም እንደማያዋጣ፣ ዳርቢን ያቆየው ስስና ርካሽ ዕቃ ማፍሰስ መቻሉ እንደሆነ ተከራክሯል። በሌላ አነጋገር ኮክን ያኖረው ድስቱ ነው።

“እንግሊዝ ደን ስላለቀባት ወደ ድንጋይ ከሰል ዞረች” የሚለውም በብዙ መጽሐፍ ይገኛል፤ እኔም ጽፌው ነበር። የኋላ የታሪክ ተመራማሪዎች ግን ይህንን ይጠራጠራሉ። ብረት ሠሪዎች ዛፉን ከሥሩ ነቅለው አይጨርሱትም ነበር፤ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ እነሱም ጫካቸውን በየተራ እየቆረጡ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ ይጠብቁት ነበር። ችግሩ የከሰሉ ዋጋና ሥራው በሚፈልገው መጠን አለመስፋፋቱ እንጂ ዛፍ ጨርሶ መጥፋቱ አልነበረም።

ለውጡ የመጣው በልጁ በዳግማዊ ዳርቢ ጊዜ ነው። እሱ ለቀጥቃጭ የሚሆን ብረት በኮክ ማውጣት ቻለ፤ በ1755 ከመንደሯ ራቅ ብሎ ሆርስሄይ ላይ አዲስ ምድጃ ለኮሰ። ሌሎችም ተከተሉ። አባያ በደብዳቤዋ ባሏ የባለቤትነት መብት እንዲያወጣ ሲመከር፣ ሕዝቡን ከዚህ ጥቅም አላግድም ብሎ እንቢ ማለቱን ጽፋለች። ሚስት ስለ ባሏ መጻፏን ሳንረሳ እንመዝግበው።

በነዚያ አሠርት ዓመታት ሌላም ነገር ተያያዘ። መንደሯ ከ1720ዎቹ ጀምሮ ለእንፋሎት ሞተር የሚሆን የብረት ሲሊንደር ታፈስ ነበር። የበጋ ችግሯ ደግሞ ጅረቱ ሲደርቅ መንኮራኩሩ መቆሙና ወናፉ ዝም ማለቱ ነበር። በ1742 እና በ1743 አካባቢ የእንፋሎት ሞተር ተተከለና የወረደውን ውኃ መልሶ ወደ ላይኛው ኩሬ ይገፋው ጀመር። ብረቱ ሞተሩን ወለደ፣ ሞተሩ ደግሞ ምድጃውን አበላ። በ1767 የማዕድን ጋሪዎች በሚሄዱበት የእንጨት ሐዲድ ላይ ብረት ማንጠፍ ተጀመረ። “አብዮት” የሚለው ቃል የሚስማማው ለዚህ ተያይዞ ለሚያድግ ነገር ይመስለኛል፤ ለአንድ ዓመትና ለአንድ ሰው አይደለም።

ድልድዩ፦ ሁሉም አየው፣ አሠራሩን ማን ጻፈው?

የመንደሯን ስም በዓለም ያስጠራው ሦስተኛው አብርሃም ዳርቢ ነው። ሰቨርን ላይ የብረት ድልድይ እንዲሠራ ንድፉን ያወጣው ቶማስ ፕሪቻርድ የተባለ አርክቴክት ነበር፤ ግን ግንባታው በተጀመረበት በ1777 ሞተ። ዳርቢ ሥራውን ይዞ ገፋበት። በ1779 ቅስቶቹ ቆሙ፤ ጥር 1 ቀን 1781 ድልድዩ ለመንገደኛ ተከፈተ። 378 ቶን የሚሆን ብረት ፈጅቷል፤ ወንዙን የሚዘልቀው ቅስት ስፋቱ 30 ሜትር ከግማሽ ነው። ብረትን በብረት የማያያዝ ልምድ ስላልነበረ ቁርጥራጮቹ የተጋጠሙት አናጺ እንጨት እንደሚያጋጥመው ነው፤ በቀዳዳና በምላስ፣ በሽብልቅ። የቀረጥ ሰሌዳው ላይ ከቀረጥ ነጻ የሆነ ማንም እንደሌለ፣ ወታደርም ሆነ የንጉሥ ቤተሰብ እንደሚከፍል ተጽፏል። ወጪው ከታሰበው እጅግ ስለበለጠ ግን ዳርቢ በ1789 እስኪሞት ድረስ ከዕዳው አልወጣም። በ1795 ሰቨርን በኃይል ሞልቶ ሌሎቹን ድልድዮች ሲጎዳ ይህኛው ሳይነቃነቅ ቀረ፤ ስሙም ያን ጊዜ ገነነ።

አሁን ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚቆጨውን ልንገራችሁ። ድልድዩ ካለቀ በኋላ ሠዓሊው፣ ጸሐፊው፣ መንገደኛው ሁሉ እየመጣ አየው፣ ሣለው፣ አደነቀው። እነዚያ ከባድ የብረት ቅስቶች ወንዙ ላይ እንዴት እንደተነሡ ግን በዝርዝር የጻፈ ዘጋቢ አልተገኘም። ከ200 ዓመት በላይ ሊቃውንት በግምት ነበር የሚከራከሩት። በ1997 ስዊድን፣ ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ትንሽ የውኃ ቀለም ሥዕል ተገኘ። ኤልያስ ማርቲን የተባለ ስዊድናዊ ሠዓሊ በግንባታው ጊዜ በቦታው ተገኝቶ የሣለው ነው። ሥዕሉ ላይ ቅስቶቹ በከፊል ቆመው፣ ከወንዙ የተነሣ የእንጨት መዋቅር ይዟቸው ይታያል። ድልድዩ ሳያልቅ ያየ፣ ያየውንም ያስቀመጠ አንድ ሰው ነበር ማለት ነው፤ ያውም የሩቅ አገር ሰው።

ያነሡት ሠራተኞችስ? ያን የአሸዋ ቅርጽ ያበጁት፣ ኮኩን ሲያከስሉ ያደሩት፣ ማዕድን የለቀሙት ሴቶችና ወንዶች ድምፃቸው አይሰማም። እነሱን ጠይቆ የጻፈ የለማ! ሦስቱ ዳርቢዎች አንድ ስም ስለያዙ ታሪኩ የአንድ ሰው ታሪክ እስኪመስል ድረስ ጎልተዋል።

ዛሬስ?

ዳርቢ የተጠቀመበት ምድጃ በ1959፣ ከ1709 ሙከራ 250ኛ ዓመት ጋር ተያይዞ፣ ከተቀበረበት ተቆፍሮ ወጣና ለጎብኚ ክፍት ሆነ። ድልድዩ ከ1934 ጀምሮ ለመኪና ተዘግቶ ለእግረኛ ብቻ ሆኗል። በ1986 ዩኔስኮ አካባቢውን በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በመንደሯ የብረት ማፍሰስ ሥራ ግን ለምግብ ማብሰያ ምድጃዎች የሚሆን ብረት ሲያፈስ የኖረው ፋብሪካ በኅዳር 2017 ሲዘጋ አበቃ። ከድስት የጀመረ ሥራ 300 ዓመት ቆይቶ እዚያው ማድ ቤት ዕቃ ላይ ነው ያለቀው።

አሳይንመንቴን እንደገና ጽፌ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አሁን እንዲህ ይላል፦ “በ1709 የሂሳብ መዝገብ እንደሚያሳየውና ምራቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ እንደጻፈችው፣ አብርሃም ዳርቢ ርካሽ ድስት ለመሥራት ሲል ኮልብሩክዴል በምትባል መንደር በድንጋይ ከሰል ኮክ ብረት አቀለጠ፤ ሌሎች ግን እስኪከተሉት ወደ 40 ዓመት ፈጀ።” ረዝሟል፤ እንደ ፊተኛው አይጣፍጥም። መምህራችን ግን በዚህኛው ሥር “ማን አለ?” አላሉኝም። “ረዘመ” ብቻ ብለው ጽፈውበታል። እሱን ደግሞ በሚቀጥለው ሴሚስተር እናየዋለን።